ዘይቱ ቢቀር ይቀራል፣ መፋቂያው ግን አይቅር

ሰሞኑን እዚህ ብስራተ ገብርኤል የማገኛቸው ታካሚዎች አንድ ጥያቄ ይደጋግማሉ፦ «ዶክተር፣ ጠዋት ጠዋት በኮኮናት ዘይት መጉመጥመጥ ጥርስ ያድናል?»

አያድንም። ልማዱ ከህንድ ባህላዊ ሕክምና የመጣ ነው፤ በሰሊጥ ወይም በኮኮናት ዘይት ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ተጉመጥምጦ መትፋት። ትንንሽ ጥናቶች የአፍ ውስጥ ባክቴሪያን ሊቀንስ እንደሚችል አሳይተዋል። የተቦረቦረ ጥርስ ግን አይደፍንም፣ መግልም አያደርቅም። ለሕፃናት ደግሞ በፍጹም! ዘይቱ ትን ብሎ ሳንባ ከገባ የሳንባ ምች ያመጣል።

«ተፈጥሯዊ ነገር ነው የምፈልገው» ካላችሁ መፋቂያ መንገድ ዳር አለላችሁ። ጫፉ ሲታኘክ ብሩሽ ይሆናል፣ ቆሻሻውን ፍቆ ያወጣል። የዓለም ጤና ድርጅትም ልማዱ ባለበት አገር አጠቃቀሙን አበረታቷል። ድዳችሁ እንዳይሸሽ ቀስ ብላችሁ ፋቁ። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ግን በቀን 2 ጊዜ አይቅር፤ ጥርስን ከመቦርቦር የሚከላከለው እሱ ነው።

ጥርሳችሁን አሞ ፊታችሁ ካበጠ፣ ካተኮሳችሁ ወይም አፍ መክፈት ካቃታችሁ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ። ኢንፌክሽኑ ወደ አንገት ወርዶ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል። እዚያ ላይ ዘይት እየተጉመጠመጡ መጠበቅ ሕይወት ያስከፍላል።

ለወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉት። መልካም ጤና!