«አንዱን ምረጥ» የሚለው ምክር

ከሥራ ወይም ከትምህርት በኋላ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ገጸ ባሕርይ መቅረጽ፣ ቀለም መቀባትና ማንቀሳቀስ የጀመረ ሰው ቶሎ ከሚደርሱት ምክሮች አንዱ «አንዱን ምረጥ» የሚለው ነው። ወይ ቀራፂ ሁን፣ ወይ ሠዓሊ ሁን፣ ወይ አኒሜተር ሁን፤ ሦስቱን ልያዝ ያለ ሦስቱንም ይጥላል ይሉታል። ምክሩ እኛ ዘንድ ሲደርስ የተረት ድጋፍም አያጣም፤ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ተረቱ ልክ ነው፤ የተሳሳተው የዛፉ ቆጠራ ነው። አንድን ገጸ ባሕርይ መቅረጽ፣ መቀባትና ማንቀሳቀስ ከአንድ ግንድ የወጡ ቅርንጫፎች ናቸው፤ የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ይኸው ነው። «አንዱን ምረጥ» ለስቱዲዮ ተቀጣሪ በልኩ የተሰፋ ልብስ ነው። ለሥራው ፍቅር ብሎ የሚማረው ሰው ሲለብሰው ግን ይጠልፈዋል፤ ብዙዎችንም ከመንገድ አስቀርቷል።

ምክሩ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይጠቅማል። «ቶይ ስቶሪ» በ1995 (እ.ኤ.አ.) ከወጣ ወዲህ በኮምፒውተር የሚሠራ ሙሉ ፊልም ትልቅ ኢንዱስትሪ ሆኗል። በትልልቆቹ ስቱዲዮዎች አንዱ ቅርጹን ይሠራል፣ ሌላው ቆዳውንና ልብሱን ይቀባል፣ ሦስተኛው አጥንትና መገጣጠሚያ ያስገባለታል፣ አራተኛው ያንቀሳቅሰዋል፣ አምስተኛው ብርሃኑን ያበጃል። ይህ ክፍፍል የመጣው በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ለአንድ የመውጫ ቀን እኩል መሥራት ስላለባቸው ነው። ሙያዎቹ በባሕርያቸው ስለተለያዩ የመጣ አይደለም። የሥራ ማስታወቂያው በክፍፍሉ ልክ ተጻፈ፤ ትምህርት ቤቱ ኮርሱን በማስታወቂያው ልክ ቀረጸ፤ መካሪውም ኮርሱን አይቶ መከረ። ምክሩ እራት በልቶ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩን የሚከፍተው ሰው ጋ ሲደርስ መነሻው ተረስቷል። ይህ ሰው የመውጫ ቀን የለውም፤ ሥራውን የሚረከበው ባልደረባም የለውም። ጭንቅላት ቀርጾ «የኔ ድርሻ አልቋል» ሲል ጭንቅላቱ የሚሄደው ወደ ሃርድ ዲስኩ ነው። ፎልደሩ ዐይናቸውን ጨፍነው በማያውቁ ጭንቅላቶች ይሞላል፤ ከዚያ ሰውየው ይሰለቻል።

ጉዳቱ ግን ከመሰልቸት ያልፋል፤ መማሩን ራሱን ያጎድላል። አንድ ዐይን እንውሰድ። ጀማሪው ቀራፂ ከፊት ለፊት ሲታይ እንዲያምርለት የዐይኑን ኳስ ትንሽ ጠፍጠፍ፣ ትንሽ ሞላላ ያደርገዋል። ገጸ ባሕርዩ ዝም ብሎ እስከቆመ ድረስ ማንም እንከን አያወጣለትም። ዐይኑን ወደ ግራ ሲያዞሩት ግን የሞላላው ጫፍ የዐይኑን ቆብ በስቶ ብቅ ይላል። ሊያስጨፍኑት ሲሉ ደግሞ በኳሱ ላይ ተንሸራትቶ መውረድ የነበረበት ቆብ ኳሱ ውስጥ ይሰምጣል። ኳሱ ክብ መሆን ያለበት ለምን እንደሆነ፣ ቆብ ውፍረት ያለው ሥጋ እንጂ ፊት ላይ የተጫረ መስመር አለመሆኑን ቀራፂው በእርግጥ የሚረዳው ያን ጊዜ ነው። ክርንም እንዲሁ ነው። በሚሊዮን በሚቆጠሩ ጥቃቅን ገጾች (ፖሊጎኖች) የተቀረጸ ውብ ክንድ አጥንት ገብቶለት ሲታጠፍ እንደ ተቀጨ የውኃ ጎማ መታጠፊያው ላይ ይሟሽሻል። ስለዚህ ቅርጹን በጥቂት መስመሮች እንደ አዲስ መሸመን፣ በመታጠፊያውም ዙሪያ መስመሮቹን እንደ ቀለበት መደርደር ያስፈልጋል። ቀለበቶቹ የት የት መቀመጥ እንዳለባቸው የሚያውቀው ክንዱን አጥፎ ያየ ሰው እጅ ነው።

ቀለምም ላይ ያው ነው። ጀማሪው ሠዓሊ ፊቱ ጥልቀት እንዲኖረው ከጉንጭ አጥንቱ ሥር ጥላ ይቀባል፤ በቆመ ሥዕል ያምራል። ገጸ ባሕርዩ ፊቱን ወደ መብራቱ ሲያዞር ጥላው አይጠፋም፤ እንደ ጥቀርሻ ጉንጩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። የቆዳ ቀለም አንድ ነገር፣ በቆዳው ላይ የሚያርፈው ብርሃን ሌላ ነገር መሆኑ በስንት ገጽ ማብራሪያ ከሚነገረው ይልቅ በዚህች አንዲት ዞር ማለት ይታያል። የቅርጹ ጥፋት በቅርጹ ውስጥ አይታይም፤ የሚያጋልጠው እንቅስቃሴው ነው። የቀለሙን ጥፋት የሚያጋልጠው ብርሃኑ ነው። እንቅስቃሴው ራሱ ክብደት የለሽ ሆኖ ሲንሳፈፍ ደግሞ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የዳሌውና የትከሻው ሚዛን ነው፤ ይህም ቀራፂ ከሚያጠናው የሰውነት አቋም ውጭ አይታረምም። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ያዝ የተባለ ተማሪ ፈታኞቹን አጥቷል ማለት ነው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን የዲዝኒ አኒሜተሮች በእርሳስና በወረቀት ያካበቱትን ዕውቀት በ1981 (እ.ኤ.አ.) በመጽሐፍ ሲያወጡ 12 መርሖዎች አስቀምጠዋል። ከእነዚያ አንዱ በቀጥታ ስለ ሥዕል ነው፤ አኒሜተር ቅርጽን በክብደቱና በስፋቱ መሣል አለበት ይላል። ጆን ላሴተርም በ1987 ሲግራፍ በተባለው የኮምፒውተር ግራፊክስ ጉባኤ ባቀረበው ጽሑፍ የእርሳሱ ዘመን መርሖዎች ለኮምፒውተሩም እንደሚሠሩ አሳየ። መሣሪያው ሙሉ በሙሉ ሲቀየር ዕውቀቱ ካልተቀየረ፣ ዕውቀቱን በመሣሪያ ክፍል ቆርሶ ማደል ምን ይሉታል?

ከዚያም በፊት ሬይ ሃሪሃውዘን አለ። በ1933 «ኪንግ ኮንግ»ን ያየው ገና ልጅ ሳለ ነበር። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ውስጥ አሻንጉሊት እየሠራ በካሜራ ፊት ማንቀሳቀስ ጀመረ፤ ቀጣሪ አልነበረውም። የ«ኪንግ ኮንግ»ን እንስሳት ያንቀሳቀሰው ዊሊስ ኦብራየን የልጁን ዳይኖሰር አይቶ እግሮቹ ቋሊማ ይመስላሉ፣ ሂድና የሰውነት አካል ጥናት ተማር አለው። ኦብራየን አኒሜተር ነው፤ እንቅስቃሴ ለሚወድ ልጅ የሰጠው ምክር ግን ወደ ቅርጽና ወደ ሥዕል የሚመልስ ነበር። ልጁም የማታ ትምህርት ገባ። አድጎ በ1963 በወጣው «ጄሰን ኤንድ ዘ አርጎናውትስ» ፊልም ሰባት አፅሞች ከሰዎች ጋር በሰይፍ የሚዋጉበትን ትዕይንት ከአራት ወር በላይ ወስዶ፣ ፍሬም በፍሬም በእጁ አንቀሳቀሰ። ትዕይንቶቹን አስቀድሞ በከሰል የሚሥላቸው፣ ፍጥረቶቹንም የሚቀርጻቸው እሱ ነበር። ሙያዎቹን አብሮ መያዝ ለእኛም ቢሆን ባዕድ አይደለም። የአፍሪካ አዳራሽን ግዙፍ ባለቀለም መስታወት የሠሩት አፈወርቅ ተክሌ ሐረር ቆሞ የነበረውን የራስ መኰንን ሐውልትም ቀርጸዋል። አንዱ እጃቸው ሌላውን አደከመው ያለ አልሰማንም።

መሣሪያውም ዛሬ ከዚህ ክርክር ወገን ቆሟል። ብሌንደር በ1990ዎቹ በኔዘርላንድ አንድ የአኒሜሽን ቤት ለራሱ ሥራ ያሰናዳው ፕሮግራም ነበር። የያዘው ኩባንያ በ2002 ሲወድቅ ተጠቃሚዎቹ 100,000 ዩሮ አዋጥተው ነፃ አወጡት። እነሆ አሁን መቅረጹም፣ መቀባቱም፣ አጥንት ማስገባቱም፣ ማንቀሳቀሱም በአንድ መስኮት ውስጥ፣ ያለ ክፍያ ይገኛል። በዚሁ ፕሮግራም የተሠራው የላትቪያው «ፍሎው» በ2025 የምርጥ አኒሜሽን ፊልም ኦስካርን አሸነፈ። ዳይሬክተሩ ጊንትስ ዚልባሎዲስ ከዚያ በፊት በ2019 «አዌይ» የተባለውን ሙሉ ፊልም ሙዚቃውን ጨምሮ ብቻውን ሠርቶ ነበር። «እሱ ልዩ ተሰጥኦ ነው፤ ፍሎውም በቡድን ነው የተሠራው» የሚል ይኖራል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ነገር ግን ተቃውሞው ክርክሬን ያጠናክረዋል። ቡድኑ የመጣው ሰውየው ሁሉንም በራሱ ከቀመሰ በኋላ ነው። ሁሉን የቀመሰ ሰው ቡድን ሲመራ እያንዳንዱ ባለሙያ የሚያስቸግረውን ያውቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የጊዜው ነው። በሳምንት አምስት ሰዓት ያለው ሰው በዓመት ያለው 260 ሰዓት ብቻ ነው፤ ለሦስት ቢከፈል ለእያንዳንዱ ዘጠና እንኳ አይሞላም፤ በዚህስ ምን ይማራል ይላሉ። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ መፍትሔው ግን ሙያዎቹን መቀነስ አይደለም። መቀነስ ያለበት ሥራው ነው። ጀማሪውን የሚያደክመው በመጀመሪያ ወሩ ጥሩር የለበሰ፣ ክንፍ ያለው፣ ጥርሱ አንድ በአንድ የተቀረጸ ዘንዶ ልሥራ ማለቱ ነው። ከዘንዶው ይልቅ አንድ ጭንቅላት፣ ሁለት ክብ ዐይን፣ ሦስት ቀለም ይያዝ። አኒሜሽኑም ሙሉ ሩጫ መሆን የለበትም። በፊልም ልማድ አንድ ሰከንድ 24 ፍሬም ነው፤ ጨፍኖ መግለጥ ከዚያ ግማሹን እንኳ አይፈጅም። ይህን ያህል ትንሽ ሥራ ቅርጹን፣ ቀለሙን፣ አጥንቱን፣ እንቅስቃሴውን አልፎ በጥቂት ሳምንት ያልቃል። ቀጥሎ የሚቀረጸው ጭንቅላት ከመጀመሪያው የሚሻለው እዚህ ላይ በተገኘው ዕውቀት ነው። ሠላሳ ጭንቅላት ቀርጾ አንዱንም ያላንቀሳቀሰ ሰው ግን የመጀመሪያውን ስሕተት ሠላሳ ጊዜ ደግሟል።

«መሠረቱ ሥዕል ነው፤ እሱን ሳይዙ ሦስቱም ከንቱ ናቸው» ለሚሉት መልሴ አጭር ነው፤ እስማማለሁ። ግንዱ እሱ ነው። ዕድሜ ልኩን ቅርጽ ብቻ መቅረጽ የሚወድ ሰው ካለም ማንም አያስገድደው፤ ደስታው የራሱ ነው። ሥራ መቀጠር ለሚሹትም ቢሆን ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች አንድ ሙያ ጠልቆ የያዘ ሰው እንደሚፈልጉ አልክድም። ጥልቀቱ ግን ሦስቱን ከቀመሱ በኋላ የሚመጣ ምርጫ ሲሆን ያምራል። ያልቀመሱትን መምረጥ ምርጫ አይባልም። ደግሞም ትንንሽ ስቱዲዮዎች በሞሉበት ገበያ ያው ሰው ሲቀርጽም፣ ሲቀባም፣ ሲያንቀሳቅስም መዋሉ የታወቀ ነው። እዚያ ቤት «እኔ ቀራፂ ብቻ ነኝ» ማለት የሚያዋጣ አይደለም።

እንግዲህ ለጀማሪዎች ምክር የምትሰጡ፣ ልምዱ ያላችሁ ሰዎች፣ የመጣውን ልጅ «የትኛውን መረጥክ?» አትበሉት፤ የጀመረውን አንድ ገጸ ባሕርይ የት እንዳደረሰው ጠይቁት። እናንተም በኮምፒውተራችሁ ውስጥ የቆመ ጭንቅላት ያላችሁ፣ አዲስ አትክፈቱ። የቆየውን አውጡና ዐይኑን አስጨፍኑት። ቆቡ ኳሱ ውስጥ ከሰመጠ የሚቀጥለው ሥራችሁ እሱ ነው።