ጥሪያችን መንገደኛውን አያሰናክል

የትንሣኤ በዓል በተቃረበ ቁጥር ፖሊስ ለአሽከርካሪዎች የጥንቃቄ መልእክት ያስተላልፋል፤ የትራፊክ ፖሊስ ባልደረቦችም ከቤተሰባቸው ማዕድ ርቀው በየአደባባዩ ይቆማሉ። የትራፊክ ደንብ እያሽከረከሩ በእጅ ስልክ መነጋገርን በቅጣት የሚያስጠይቅ ጥፋት አድርጎ ደንግጓል። ይሁንና ደንብም ሆነ ፖሊስ በየመኪናው ሊሳፈር አይችልም።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በ3 ሴኮንድ 50 ሜትር ይነጉዳል። አሽከርካሪው ለዚህች ቅጽበት ወደ ስልኩ ቢያቀረቅር፣ 50 ሜትሩን ሳያይ አለፈ ማለት ነው። በዚያች ርቀት ውስጥ ነጠላዋን ተከናንባ ከሌሊቱ ቅዳሴ የምትመለስ እናት፣ የበዓል በግ እየጎተተ መንገድ የሚያቋርጥ ልጅ ሊኖር ይችላል።

ጥፋቱን በአሽከርካሪው ላይ ብቻ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። በዋዜማው «የት ደረስክ? ዶሮው ደርሷል» እያልን ደጋግመን የምንደውለው እኛ የቤት ሰዎች ነንና። እንግዲህ መሪ ለጨበጠ ወገናችን ከመደወል እንታቀብ፤ ስልኩን ባያነሣም አንቀየመው። እርሱም የግድ መነጋገር ካለበት መኪናውን ዳር አስይዞ ያቁም። ለሰው ሕይወት መጠንቀቅ ባልንጀራን የመውደድ ትእዛዝ አንዱ ፍሬ ነው። ዘግይቶ በሰላም የሚደርስ ሰው ማዕዱን አያጎድልም፤ የሚያጎድለው ሳይደርስ የቀረው ነው።

መልካም የትንሣኤ በዓል!