የአንድ ቀን ድግስና የዓመቱ ቡና

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ ቡና ተለቅሞ፣ ደርቆና ተሸጦ ገንዘቡ በየቤቱ የሚገባው ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ወዲያው የገና ጾም ይፈታል፤ ጥምቀት ያልፋል፤ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባሉት ጥቂት ሳምንታትም በየመንደሩ ዳስ ይጣላል፤ እልልታ ይሰማል። የሠርግ ወራት ከቡና ወራት ጋራ እንዲህ ተከታትሎ መምጣቱ ለደጋሹ መልካም አጋጣሚ ነው። አስቀድሞ ላሰበበት ሰው፣ ገንዘቡ ከሠርጉ ቀን ቀድሞ እጁ ይገባለታልና።

የሚያሳዝነው ግን፣ ሳይታሰብበት የሚደገሰው ድግስ ይህን አጋጣሚ የሚያበላሽ መሆኑ ነው። ሽማግሌ ተልኮ ቀን የተቆረጠው በሰኔ እንደ ሆነ፣ አባት ለጥሎሹና ለቀብዱ ገንዘብ ይፈለግበታል፤ በክረምት መግቢያ ደግሞ የቡና ገበሬ እጅ ባዶ ነው። ስለዚህ ገና ያልቀላውን ፍሬ በዛፉ ላይ እንዳለ ለነጋዴ ይሸጠዋል።

እስቲ ነገሩን በሒሳብ እንመልከተው። በታኅሣሥ 100 ብር የሚያወጣውን ጀንፈል በሰኔ በ50 ብር ሸጠ እንበል። ገበሬው «ሸጥሁ» ይላል፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ተበድሯል። ለ50 ብር ብድር በስድስት ወር ውስጥ 50 ብር ወለድ ከፍሏል፤ ይህም በዓመት ሲታሰብ ከመቶ 200 ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በብድር ውል ላይ በዓመት ከመቶ 12 የሚበልጥ ወለድ መዋዋልን ይከለክላል። አራጣ አበዳሪን የምናወግዝ ሰዎች በልጃችን ሠርግ ስም ከአራጣ የባሰ ነገር ውስጥ እንገባለን ማለት ነው።

በዚህ ነገር አባትን መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይሆንም። እርሱ ሃያና ሠላሳ ዓመት በጎረቤቱ ዳስ ሲበላና ሲጠጣ ኖሯል፤ ተራው ሲደርስ ብድሩን ሳይመልስ ቢቀር በመንደሩ ቀና ብሎ ለመሄድ ያፍራል። በአገራችን ሠርግ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሁለት ዘመዶች መተሳሰሪያ ነው።

ወቀሳው ይበልጥ የሚገባን ለእኛ ለተማርነው ነው። ጠላው በቤት ይጠመቃል፤ የጠጁ ማር ከጫካው ቀፎ ይወርዳል፤ ቆጮውና ጎደሬው ከጓሮ ይመጣል፤ ዳሱን ጎረቤት ይሠራዋል፤ ድስቱና አግዳሚው ወንበር ከእድር ይገኛል። ታዲያ ጥሬ ገንዘብ የሚጠይቀው የትኛው ነው? ቬሎው፣ አበባ የተለጠፈበት የኪራይ መኪና፣ ቪዲዮውና የሚዜዎቹ ሱፍ አይደለምን? ይህን ሁሉ ወደ አባቶቻችን ቤት ያስገባነው ከኮሌጅና ከዩኒቨርሲቲ የተመለስነው ነን።

እኔም ከዚህ ንጹሕ አይደለሁም። የታላቅ ወንድሜ ሚዜ በሆንሁ ጊዜ አዲስ ሱፍ ለብሼ በደስታ ስጨፍር ዋልሁ። የሱፉ ዋጋ ከየት እንደ መጣ የጠየቅሁት ዘግይቼ ነው፤ በመስከረም ታናሽ እኅታችን ለቤት ኪራይና ለደብተር የሚሆን ገንዘብ ጠፍቶ ከከተማው ትምህርት ቤት አንድ ዓመት በቀረች ጊዜ። ያ ዓመት ከእርሷ ዕድሜ ላይ የተቈረጠ ነው፤ የሚመልሰው የለም።

ታጂኪስታን በ1999 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ የሠርግ እንግዳ ከ150 እንዳይበልጥ፣ ድግሱም ከሦስት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ደንግጋለች። እኛ ግን ልክን ለማወቅ ፖሊስ የሚያስፈልገን አይመስለኝም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ በተከለከለ ጊዜ ያለ ድግስ የተጋቡት ሁሉ ዛሬ ባልና ሚስት ከመባል አልጎደሉም። ሕግ ከተጋቢዎች የሚጠይቀው ፈቃዳቸውን፣ ዕድሜያቸው 18 ዓመት መሙላቱንና ምስክሮችን ነው፤ ስለ ሰንጋና ስለ ድንኳን የተናገረው ነገር የለም።

ስለዚህ ቀን ከመቆረጡ በፊት ሙሽሮቹና ሁለቱ ወላጆች በአንድነት ተቀምጠው አንድ ወረቀት ያውጡ። ወረቀቱን በሦስት ይክፈሉት፤ በመጀመሪያው ግድ የሆነውን፣ በሁለተኛው ቢኖር የሚያምረውን፣ በሦስተኛው ለታይታ የሚደረገውን ይጻፉ። በያንዳንዱ ወጪ ትይዩ ከብሩ ጋራ ስንት ኪሎ ጀንፈል እንደሚጠይቅ ያስፍሩ፤ ብር በአፍ ሲጠራ ይቀላል፤ ኪሎው ግን የለቃሚውን ድካም ያስታውሳል። ከጠቅላላው ላይ ዐሥረኛውን እጅ ላልታሰበ ነገር ያስቀምጡ። መልሱንና ቅልቅሉን በአንድ ድግስ ማጠቃለል ይቻል እንደ ሆነ ይመካከሩ። ቡናው ሳይሸጥ ቀን አይቁረጡ። ከሁሉ በፊት ግን የሙሽሮቹን የመጀመሪያ ዓመት የቤት ኪራይና ቀለብ፣ የታናናሾቹንም የትምህርት ወጪ ለይተው ያኑሩ፤ ድግሱ ከተረፈው ይደገስ።

ደመወዝተኛ የሆነ ሙሽራ ደግሞ ዕቁብ ገብቶ የራሱን ድርሻ ቢያዋጣና ሦስተኛውን ክፍል በገዛ እጁ ቢሰርዘው፣ አባቱን ከነጋዴው ደጅ ያድነዋል። አባት «ልጄ፣ ሰው ምን ይለናል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ልጁም «አባባ፣ እኅቴ ከትምህርት ቤት ብትቀር ሰው ምን ይለናል?» ብሎ በትሕትና ይመልስለት።