መንገዱ ለእግር ተሠራ፤ እግረኛውስ የት ይረፍ?

በአሜሪካና በአውሮፓ መኝታና ማብሰያ ያለው መኪና እየነዱ አገር የሚዞሩ ሰዎች አሉ። ትልቅ ከተማ ሲደርሱ መኪናቸውን ዳር ላይ አቁመው በእግራቸው ይገባሉ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሽርሽር ብርቅ ነው። መኪናው ውስጥ የሚያድር፣ ከተማ ዳር አቁሞ በእግሩ የሚገባ ሰው ግን ሞልቷል፤ የጭነት መኪና ሾፌርና ረዳቱ!

እኔም ከ2012 እስከ 2014 ዓ.ም. በአጎቴ አይሱዙ ላይ ረዳት ነበርኩ። ከጫጫ አዲስ አበባ ወደ 110 ኪሎ ሜትር ነው። ገብስና ምስር ጭነን ሸኖን፣ አለልቱንና ሰንዳፋን አልፈን ለገጣፎ እንደርሳለን። ከ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ የጭነት መኪና ቀን ቀን አዲስ አበባ ውስጥ እንደልቡ መንቀሳቀስ አይችልም። ስለዚህ ጠዋት ከደረስን እስኪመሽ መጠበቅ ነው። አጎቴ ጋቢና ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል። እኔ በሶዬን በጥብጬ እጠጣና እስከ መገናኛ በታክሲ፣ ከዚያ ወዲያ በእግሬ።

አዲስ አበባን ያወቅኋት እንዲህ ነው። በታክሲ ለሚሄድ ሰው ከተማዋ የተበታተነች የስም ዝርዝር ናት፤ መገናኛ፣ ካዛንቺስ፣ ፒያሳ፣ መርካቶ። በእግሩ የሄደ ግን አንዱ ሰፈር ከሌላው የት ላይ እንደሚገናኝ ያውቃል። ከለገሃር ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት የወጣ ሰው ከተማዋ ዳገት ላይ መቆርቆሯን ጉልበቱ ይነግረዋል። ራስ መኮንን ድልድይ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እያለ ሲሻገር፣ አዲስ አበባ በመኳንንቱ ሰፈር ዙሪያ ያደገች ከተማ መሆኗን ያስታውሳል።

ለእኔ ደግሞ ሌላም ነገር አለው። የከተማዋ ቆርቋሪ አፄ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት አንጎለላ ነው። የእኛ ወረዳ እስከ ዛሬ አንጎለላና ጠራ ይባላል። ቀበሌ መታወቂያዬ የጫጫ ቢሆንም፣ እዚያ ከተማ ውስጥ ፍጹም እንግዳ ነኝ ማለት አይሆንልኝም።

ያኔ የእግረኛ መንገዱ መከራ ነበር። ክዳኑ የጠፋ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ የተቆለለ አሸዋ፣ የቆመ መኪና። ብዙ ቦታ ላይ ከመኪና ጋር እየተጋፋህ አስፋልቱን ይዘህ ትሄዳለህ። በከተማዋ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው፤ ለምን እንደሆነ ለመረዳት አንድ ቀን በእግር መሄድ ይበቃ ነበር።

ግን ሲደክመኝ የማርፍበት አላጣም። ካዛንቺስ ውስጥ ከቆርቆሮ በር ኋላ ሁለት አግዳሚ ያላት ሻይ ቤት ነበረች። ባለቤቷ አነጋገሬን ሰምተው «ከየት ነህ የኔ ልጅ?» አሉኝ። ከጫጫ ስላቸው «የብርድ አገር ልጅ! ጠጋ በል እሳቱ ጋ» አሉ። ሻይ በአምስት ብር፤ ቁጭ ማለት፣ ውኃ መጠጣት፣ ጓሮ ገብቶ መጸዳዳትና መንገድ መጠየቅ በነጻ። ከዚያ በኋላ ከተማ በገባሁ ቁጥር ሳልጎበኛቸው አልመለስም ነበር።

ባለፈው ዓመት ለጉዳይ ሄጄ ያንኑ መንገድ በእግሬ ደገምኩት። እውነቱን እንናገር፣ የእግረኛው መንገድ ድንቅ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ መብራት፣ አንዳንድ ቦታም መቀመጫና መጸዳጃ ቤት አምጥቷል። በኅዳር 2011 «መንገድ ለሰው» ተብሎ በወር አንድ እሑድ ጎዳና ለእግረኛ ሲለቀቅ ያጨበጨብን ሰዎች፣ ዛሬ ይህን ብናጣጥል ግፍ ነው።

ሻይ ቤቷ ግን የለችም። ሰፈሩም የለም። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ፈርሷል። መንገድ የምጠይቀው ባለሱቅ፣ ጉልት የምትሸጥ ሴት፣ ጥላ ሥር የሚቀመጥ ሊስትሮ አጣሁ። ደክሞኝ አንድ ሕንፃ ደረጃ ላይ አረፍ ስል ጥበቃው «ወንድም፣ እዚህ መቀመጥ አይቻልም» አለኝ። በጨዋ ደንብ ነው የተናገረው። ተነሣሁ። ፊት ለፊት ያለው ካፌ ደግሞ አንድ ማኪያቶ የሚሸጥበት ዋጋ በጫጫ ምሳ ያበላል።

ክርክሬ ይህ ነው። ከከተማዋ ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር እንደሚከናወን ስለ ትራንስፖርቷ የተሠሩ ጥናቶች ሲናገሩ ኖረዋል። ይህ ሁሉ ሕዝብ አየር ለመቀበል የወጣ አይደለም። የታክሲ ስለሌለው፣ ሥራ ስለሚፈልግ፣ የታመመ ሊጠይቅ፣ መኪናው እስኪመሽ ሊጠብቅ የሚሄድ ነው። ለዚህ ሰው ንጣፉ ግማሽ መንገድ ነው። ሌላው ግማሽ በየመቶው ሜትር በትንሽ ገንዘብ የሚቀመጥበት፣ የሚጠይቀውም ሰው ማግኘቱ ነው። ያንን ያቀርቡ የነበሩት ትንንሾቹ ሻይ ቤቶችና ሱቆች ናቸው። መንገዱን ለእግር ስንሠራ የእግረኛውን ማረፊያ አብረን አፈረስን።

«ደሳሳ ቤት ይመለስ ወይ?» ለሚለኝ፣ አላልኩም። በአዲሶቹ ሕንፃዎች ምድር ቤት ለአነስተኛ ሻይና ምግብ ሻጮች በሚችሉት ኪራይ ቦታ ይከለል፤ ሲነሡ ደንበኛ የነበራቸው ሰዎች ቅድሚያ ይሰጣቸው። የጭነት መኪና ቀን መግባት ከተከለከለ ደግሞ፣ ሾፌሩ በሚጠብቅባቸው የከተማዋ መግቢያዎች መጸዳጃ፣ መታጠቢያና ጥላ ይኑር። ኮሪደሩ መሀል ከተማ አምሮ፣ ዳር ላይ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚቆም ሰው ሜዳ ላይ ሊጸዳዳ አይገባም።

ነገሩ የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። ኮሪደር ወደ ክልል ከተሞችም ወርዷል፤ ነገ ተራው የጫጫ ይሆናል። ጫጫ የመንገድ ዳር ከተማ ናት። እህል የጫነውም፣ ከደሴ የሚመጣውም መኪና በመሀሏ ያልፋል፤ ሾፌሩ ወርዶ ምሳ ይበላል፣ ገበያተኛው አህያውን እየነዳ አስፋልት ያቋርጣል። ንጣፍ ሲመጣ ደስ ብሎን እንቀበል። የምሳ ቤቶቹና የጉልቶቹ ቦታ በፕላኑ ላይ መኖሩን ግን ግሬደሩ ከመድረሱ በፊት እንጠይቅ። ከፈረሰ በኋላ የሚጠየቅ ሰው አይገኝም።

አጎቴ ዛሬም ይመላለሳል። ቀን ለገጣፎ አቁሞ ጋቢና ውስጥ ይተኛል። «ከተማው አምሯል ይላሉ፣ ገባ ብለህ አታይም?» ብለው «ገብቼ የት ልቀመጥ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። እናንተስ አላችሁ?