የማይሽር ቁስል

ቁስል ሲሽር ማየት የሰው ልጅ ከጥንት የለመደው ነገር ስለ ሆነ ብዙ አይደነቅበትም፤ ነገር ግን ደሙ ሲረጋ፣ ዙሪያው ሲቀላና ሲያብጥ፣ አዳዲስ የደም ሥሮች ወደ ጉዳቱ ስፍራ ሲዘረጉ፣ አዲስ ሥጋ ሲሞላ፣ በመጨረሻም ሁሉ ተግባሩን ፈጽሞ ጸጥ ሲል ላስተዋለ ሰው፣ ከመብቀሉ ይልቅ ማቆሙ የረቀቀ ምሥጢር ሆኖ ይታየዋል። አሜሪካዊው ሊቅ ሃሮልድ ድቮራክ እ.ኤ.አ. በ1986 ዕጢን የማይሽር ቁስል ብለው የሰየሙት ስለዚሁ ነው፤ ዕጢ፣ ሰውነት ለፈውሱ ያዘጋጀውን መሣሪያ ሁሉ ለገዛ ዕድገቱ ይነጥቃልና።

ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። «ይህ ቅጠል ቁስል ያደርቃል፤ እንግዲያስ ዕጢም ያጠፋል» የሚል ቃል ከገበያ እስከ ሕሙማን አልጋ ድረስ ይሰማል፤ ተናጋሪዎቹም ብዙ ጊዜ ቅን ሰዎች ናቸው። ቅንነታቸውን ሳልነቅፍ፣ ሥጋን የሚያበቅል ኃይል ዕጢንም ሊያበቅል እንደሚችል እንዲያስቡልኝ እወዳለሁ።

ከአንጎል ዕጢዎች እጅግ ክፉ የሆነው ግሊዮብላስቶማ ለዚህ ምስክር ነው። ሰርዶን በማጭድ ያጨደ ገበሬ ሥሩ ከአፈር በታች ተሰራጭቶ እንደሚጠብቀው፣ ሐኪሙም በዓይኑ ያየውን ሁሉ ቆርጦ ቢያወጣ፣ ከጤነኛው አንጎል ጋር ተቀላቅለው የቀሩት ሕዋሳት አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ስፍራ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል እንኳ ሳይርቁ ዕጢውን ይመልሱታል። የቀዶ ሕክምና ሊቅ የነበሩት ዋልተር ዳንዲ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዓመታት የቀኙን የአንጎል ክፍል በሙሉ እስከ ማውጣት ደርሰው ነበር፤ ዕጢው ግን ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው የሮጀር ስቱፕና የባልደረቦቻቸው ጥናት፣ ከጨረር ሕክምና ጋር ቴሞዞሎማይድ የተባለ መድኃኒት ቢጨመር የሕሙማኑ እኩሌታ በሕይወት የሚቆይበት ጊዜ ከ12.1 ወር ወደ 14.6 ወር እንደሚረዝም አሳየ፤ ሁለት ወር ተኩል ለቤተ ሰብ ጥቂት አይደለም።

ዕጢው ሲመለስ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው በቫሲዙማብ አዳዲስ የደም ሥሮች እንዳይበቅሉ ይከለክላል፤ ስለዚህም ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቁስሉ እስኪሽር ቢያንስ 28 ቀን ሳይሰጡት ይቆያሉ። ዕጢውን የሚያስርብ ቁስሉንም ያስርባልና፣ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

የዕፀዋትን መድኃኒት ይጠላል ብሎ የሚጠረጥረኝ ቢኖር ግን ተሳስቷል። በርች ከሚባለው የቀዝቃዛ አገር ዛፍ ቅርፊት የተሠራ ቅባት፣ በዘር በሚወረስ ሕመም ቆዳቸው በጥቂት ንክኪ በሚላጥ 223 ሕሙማን ላይ ተፈትኖ፣ በ45 ቀን ውስጥ የተመረጠው ቁስላቸው ፈጽሞ የተዘጋላቸው ከመቶ 41.3 ሲሆኑ፣ መድኃኒቱ የሌለበትን ቅባት ከተቀቡት ዘንድ ግን 28.9 ሆኑ፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2022 ፈቀደው። እኔን የሚያስደስተኝ ቁጥሩ ሳይሆን ባዶው ቅባት ጎን ለጎን መቀመጡ ነው፤ ያለ እርሱ ቁስሉ በራሱ ጊዜ ሻረ ወይስ ቅርፊቱ አሻረው ብሎ መፍረድ አይቻልምና።

ዕጢን በእርግጥ የተዋጋ ተክል የሚፈልግም ሩቅ አይሄድም። ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1972 ሜይታንሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ያስታወቁት በኢትዮጵያ ከተሰበሰበ፣ ከአጣጥ ወገን ከሆነ ተክል አውጥተው ነው። ነገር ግን እጅግ መርዘኛ በመሆኑ ለብቻው ለሕክምና አልበቃም፤ የዚሁ ዘመድ የሆነ ንጥረ ነገር፣ የካንሰሩን ሕዋስ ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር ተጣምሮ፣ በአሜሪካ ለአንድ ዓይነት የጡት ካንሰር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ኃይሉም ሥጋን በማብቀል ሳይሆን ሕዋሳት እንዳይከፋፈሉ በመግታት ነው፤ ቁስል የሚያደርቀው ቅጠል የሚሠራው ሥራ ተቃራኒ ማለት ነው።

ስለዚህ የአንጎል ዕጢ ያለበትን ሰው የሚያክም ሐኪም፣ ምን ቅጠል ትወስዳለህ ብሎ ሳይቆጣ ይጠይቅ፤ ሕመምተኛውም በትራሱ ሥር የሸሸገውን ያውጣ፤ ባለ መድኃኒቱም ስሙንና መጠኑን ይንገር፤ ሁሉም በሕክምናው መዝገብ ላይ ይጻፍ።