የተማሪ የመንገድ ሒሳብና የነጋዴው ዱቤ

ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ የዕቃውን መግዣ ብቻ ቈጥሮ ዋጋ አይቈርጥም፤ የመርከቡን፣ የወደቡንና የጭነት መኪናውን ኪራይ፣ ቀረጡንም ጭምር ደምሮ ካላሰበ ትርፍ የመሰለው ነገር ኪሳራ እንደሚሆንበት ያውቃል። እህልና ቅባት እህል ወደ ውጭ የሚልከውም እንዲሁ ነው። ይህን ሁሉ በጥንቃቄ የሚያሰላ ነጋዴ ግን፣ ነገ ሒሳብ ያዥ፣ መካኒክ ወይም ሱቅ ጠባቂ ሆኖ የሚያገለግለው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በየቀኑ ከቤቱ ትምህርት ቤት ለመድረስ ምን እንደሚያወጣ ሲጠይቅ አይታይም። ይህ ወጪ በማንም መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ ነገር ግን የሚከፍለው አይጠፋም።

ጉዳዩን በቅርብ ለመመልከት በደቡብ ወሎ የጃማ ወረዳ ከተማ የሆነችውን ደጎሎን ማሰብ ይበቃል። አገሩ ደጋ ነው፤ መሬቱም ጤፍ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ምስር የሚያበቅል ጥቁር መረሬ ነው። ይህ አፈር ለአዝመራ የተባረከ ቢሆንም በክረምት እግር ይዞ የሚያስቀር ጭቃ ይሆናል፤ በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈትም ጭቃው ገና አልደረቀም። ከገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ መጥቶ የሚማር ልጅ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው በከተማ ቤት ተከራይቶ፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ወላጆቹ ዘንድ ሄዶ ስንቅ ተሸክሞ መመለስ ነው፤ ሁለተኛው ጧት ማታ መመላለስ ነው። ሴት ልጅ ስትሆን ችግሩ ይብሳል፤ ወላጅ ብቻዋን ቤት ተከራይታ እንድትቀመጥ አይደፍርም፤ ጎሕ ሳይቀድ በእግሯ እንድትነሣም ይሠጋል። ስለዚህ የመኪና ገንዘብ ሲጠፋ መጀመሪያ ከትምህርት የምትቀረው እርስዋ ናት፤ ከቀረችም በኋላ ብዙ ጊዜ የሚጠብቃት ያለ ዕድሜ ጋብቻ ነው።

ለብዙ ዘመን የወሎ ልጅ ከፍ ያለ ትምህርት ሲሻ ደሴ ወደሚገኘው ወደ ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር። ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየወረዳው ተከፍቷል፤ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎቹ ያስተምራል። መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለገባ ተማሪ ማደሪያና ምግብ ይሰጠዋል፤ ተማሪውም የድርሻውን ከተመረቀ በኋላ ሥራ ይዞ በወጪ መጋራት ደንብ ይከፍላል። በሌላ አነጋገር፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ አበዳሪ አለው፤ በየቀኑ ለሚመላለሰው ለሁለተኛ ደረጃና ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ተማሪ ግን አበዳሪ የለውም። ደጁ ቢቀርብለትም ደጁ ላይ የሚያደርሰው ገንዘብ እንደ ቀድሞው ሩቅ ነው።

ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ጉዞ 30 ብር ቢሆን፣ ደርሶ መልስ በቀን 60 ብር ነው፤ በወር 20 የትምህርት ቀን ቢታሰብ 1,200 ብር፣ በዐሥር ወር 12,000 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ለገበሬ ቤት ከባድ ነው፤ ቢሆንም ችግሩ የብዛቱ ብቻ አይደለም፤ የጊዜውም ነው። ገበሬ ገንዘብ የሚያገኘው እህሉን አጭዶና ወቅቶ ገበያ ሲያወጣ፣ በታኅሣሥና በጥር ነው። የመኪና ዋጋ ግን ከመስከረም ጀምሮ በየቀኑ፣ ያውም በእጅ ይጠየቃል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያሉት አራት ወራት ጎተራ የሚራቈትባቸውና አዲሱ እህል ገና በማሳ ያለባቸው ናቸው። ብዙ ልጅ ከትምህርት የሚለየው ወላጁ ፈጽሞ ድኻ ስለሆነ ሳይሆን፣ ገንዘቡ ከአራት ወር በኋላ ስለሚመጣ ነው።

በሌላ በኩል የመኪና ባለቤቱን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ማብቂያ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ቀስ በቀስ ማንሣት ሲጀምር የቤንዚን ዋጋ በአዲስ አበባ በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ማብቂያ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደርሷል። ለሕዝብ ማመላለሻ ለተመዘገቡ መኪናዎች በቴሌብር በኩል የተለየ ድጎማ ተደርጎ ነበር፤ ይሁን እንጂ ጎማና መለዋወጫ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያ ወጪ በጣም ከብዷል። ባለመኪናው ለተማሪ ብቻውን ዋጋ ይቀንስ ቢባል፣ የአንዱን ችግር አንሥቶ በሌላው ትከሻ ላይ መጫን ይሆናል።

የመጓጓዣ ዋጋ ትንሽ ነገር የሚመስለው ካለ የካቲት 1966 ዓ.ም.ን ያስታውስ። የዓለም የነዳጅ ዋጋ ንሮ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ባቆሙበት ጊዜ፣ መምህራንም የትምህርት ሴክተር ሪቪው የተባለውን ዕቅድ ተቃውመው ሥራ አቁመው ነበር። ነዳጅና ትምህርት በአንድ ሳምንት የአንድ መንግሥት ጭንቀት ሆኑ። የሁለቱ ነገር የተሳሰረ መሆኑን ያ ዘመን አሳይቷል።

ታዲያ ይህ ለነጋዴው ምኑ ነው? መልሱ ሩቅ አይደለም። ደጎሎ ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው ደረሰኝ አስተካክሎ የሚጽፍ፣ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የሚያውቅ፣ የተበላሸ ወፍጮ የሚጠግን ሠራተኛ ሲፈልግ ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ ማስመጣት ውድ ነው። ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ ደግሞ ነገ ብዙ የማይገዛ ደንበኛ ነው። በለንደን ከተማ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በከተማ አውቶቡስ በነጻ ይሄዳሉ፤ የሚከፍለው ከተማው ነው። የወረዳ ከተማ እንዲህ ያለ ሀብት የለውም። ያለው ሌላ ነው፤ እሱም ዱቤ ነው።

ነጋዴ ለገበሬ ማዳበሪያና ዘር ባይሰጥ እንኳ ጨው፣ ስኳርና ቆርቆሮ እስከ አዝመራ በዱቤ መስጠቱ የቆየ ልማድ ነው። ይኸው ልማድ ለተማሪው ጉዞ ቢውል ይበጃል። አሠራሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል። የከተማው ነጋዴዎች ማኅበር የተማሪ የጉዞ ኩፖን ያትማል፤ ትምህርት ቤቱ የተማሪውን ስም ያረጋግጣል፤ ባለመኪናው በኩፖኑ ቅናሽ አድርጎ ይጭናል፤ በየሳምንቱ መጨረሻም ኩፖኑን ለማኅበሩ መልሶ ገንዘቡን በእጁ ይቀበላል። ወላጁ የአራቱን ወራት ዕዳ በጥር እህሉን ሲሸጥ ይከፍላል፤ ዋሱም ዕድሩ ወይም ዕቁቡ ይሆናል። ለባለመኪናው ቅናሹ ኪሳራ እንዳይሆን፣ ከገበያ ቀን ውጭ ወንበሩ ባዶ በሚሆንበት የጧትና የማታ ጉዞ ላይ ኩፖኑ የተረጋገጠ ተሳፋሪ ያመጣለታል። ባዶ ወንበር ለማንም አያተርፍም።

ከላይ ባለው ምሳሌ ዋጋው በግማሽ ቢቀንስ ለአንድ ልጅ የአራት ወር ዱቤ 2,400 ብር ነው። አንድ ሱቅ ብቻውን የመቶ ልጅ ዕዳ ቢሸከም ይጐዳል፤ ሃምሳ ሱቆች ሁለት ሁለት ልጅ ቢይዙ ግን ማንም አይከብደውም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

የሚነሣ ተቃውሞ እንዳለ የታወቀ ነው። አዝመራ ቢበላሽስ? ዕዳው ሳይከፈል ቢቀርስ? ይህ እውነተኛ ሥጋት ነው፤ ነገር ግን ለጨውና ለቆርቆሮ ዱቤ ሲሰጥም ያው ሥጋት ነበረ፤ ነጋዴውም ሥጋቱን የሚችለው ሰውን በማወቅ፣ ዋስ በመቀበልና ዕዳውን ለብዙ በማካፈል ነው። ከዚህ የሚከብደው የጸጥታው ነገር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ መንገድም ተቋርጧል። መንገድ ለተዘጋበት ኩፖን አይጠቅመውም። ሆኖም ትምህርት ቤት በተከፈተበትና መኪና በሚሄድበት ቦታ ሁሉ፣ ሁለትና ሦስት ዓመት ያጣው ልጅ አሁን ለመኪና ዋጋ ሲባል እንደገና ቢቀር ጥፋቱ በጦርነት የሚሳበብ አይሆንም።

ንግድ ምክር ቤት በኢትዮጵያ ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ የታወቀ ተቋም ነው፤ ሥራውም የነጋዴውን ጥቅም መጠበቅ ነው። የነጋዴ ጥቅም ግን በቀረጥና በፈቃድ ብቻ አይጠበቅም። በየከተማው ያሉ ማኅበራት ከመስከረም በፊት፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ከባለመኪናዎችና ከትምህርት ቤቶች ጋር ተቀምጠው የኩፖኑን ዋጋና የዋሱን ሥርዓት ቢወስኑ፣ ትምህርት በተከፈተበት ቀን ዝግጁ ይሆናሉ። መስከረም ከገባ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ለቀጣዩ ዓመት ነው የሚጠቅመው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ቤቷ የቀረችው ልጅ ተድራ ትገኛለች።