ፋፍሳ ተሞልቶ ሲላክ ነገሩ አላለቀም

አሜሪካ ያሉ ብዙ ሐበሻ ወላጆች ልጃቸው ፋፍሳ ሞልቶ ከላከ በኋላ የመጣውን ቁጥር እንደ ፍርድ ይቀበሉታል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ቅጹ የሚያየው የዛሬን ኪስ አይደለም፤ በ2026 ፎል ሴሚስተር ኮሌጅ የሚገባ ልጅ የሚመዘነው በወላጆቹ የ2024 ገቢ ነው። ያኔ ሁለት ሥራ የነበረው አባት ዛሬ ወገቡን ታሞ ቤት ቢውል ኮምፒውተሩ አያውቅም። የኮሌጁ የገንዘብ እርዳታ ቢሮ ግን ቁጥሩን እንዲያስተካክል ሕጉ ይፈቅድለታል። ታዲያ ማን ይንገረው? ደብዳቤ ጽፎ፣ ከሥራ የተሰናበተበትን ወረቀትና የሐኪም ቤት ሒሳብ አያይዞ መጠየቅ የቤተሰቡ ፋንታ ነው። ልመና መስሎት የሚያፍር አባት አለ፤ ታክስ ሲከፍልበት የኖረ አገር መሆኑን ረስቶ። ቢሮው እምቢ ሊል ይችላል። ቢሆንም በወላጅ ስም የሚወሰደው ብድር ከመፈረሙ በፊት ይጠየቅ።